የአሮጌ ሸራ ጀልባ ፋይበር ግላስና ጄልኮት እንዴት ይጠገናል?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ የፋይበር ግላስ ሸራ ጀልባዎች ዛሬም ውሃ ላይ አሉ። ቁሱ ብርቱ ነው። ቢጎዳም ያለ ፋብሪካ፣ በእጅ ተሠርቶ ይድናል። ነገር ግን ቀዳዳ መሙላትና ጀልባ መጠገን ለየቅል ናቸው። የጥገናው ጥንካሬ የሚወሰነው ሬዚኑ (ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ ሙጫ) ከመቀላቀሉ በፊት፣ ስንሞርድ ነው።

ጄልኮት ከላይ የሚታየው አንጸባራቂ ሽፋን ነው። ቀለም የገባበት ፖሊስተር ሬዚን ሲሆን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ግን ከሥሩ ያለው፣ በሬዚን የተነከረው የብርጭቆ ክር ጨርቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት ጉዳቱ የቱ ጋ እንደቆመ ነው።

ጉዳቱን ማወቅ

በካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ዙሪያውን መታ መታ አድርጉት። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀው ወይም ውሃ የጠጣው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ የተለወጠበትን ወሰን በእርሳስ አክብቡት። ክቡ ዓይን ከሚያየው ስንጥቅ ሰፍቶ ቢገኝ አይግረማችሁ።

የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ብዙ ጊዜ ጄልኮቱን አያልፉም። በተለይ በመከላከያ አጥሩ ምሰሶዎች እግር ሥር ይበዛሉ። ምክንያቱ ወለሉ እዚያ ጋ መተጣጠፉ ነው። ከውስጥ በኩል ሰፊ ደጋፊ ጠፍጣፋ ካልታከለ፣ የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብትደፍኑት ስንጥቁ ይመለሳል። መተጣጠፉ ከቆመ በኋላ ስንጥቁን በሹል መፋቂያ እንደ ሰፊ ቦይ ክፈቱትና በጄልኮት ሙሉት። ሳይከፈት ላዩ ላይ ቢቀባ ውስጡ አይገባም።

ማጽዳትና ማድረቅ

ከመሞረዳችሁ በፊት አሴቶን በሚባለው ማጽጃ ፈሳሽ ጥረጉ። በአንዱ ጨርቅ ቀቡ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ አንሱ። አሮጌ ጀልባ ላይ የዓመታት ሰም አለ፤ ሳይጸዳ ከተሞረደ ሰሙ ጭረቶቹ ውስጥ ይገባል። ውሃ የጠጣ ቦታ ካለ ከፍታችሁ አድርቁ። ይሄ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ አትቸኩሉ።

መሞረድ፦ ዋናው ሥራ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥገና የሚበላሸው። የድሮው ሬዚን ከጠነከረ ቆይቷል። አዲሱ ሬዚን ከእሱ ጋር ተዋህዶ አንድ አካል አይሆንም፤ ተጣብቆ ነው የሚይዘው። ተጣብቆ ለሚይዝ ነገር ደግሞ ስፋት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቀዳዳው ጠርዝ ቀጥ ብሎ እንደተቆረጠ አይተውም፤ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ተዳፋት ይሠራለታል።

የተለመደው ልክ 12 ለ 1 ነው። የጀልባው ገላ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው፣ ተዳፋቱ በየአቅጣጫው 48 ሚሊሜትር ይወጣል። አምስት ሴንቲሜትር የነበረው ቀዳዳ አሥራ አምስት ሊጠጋ ነው ማለት ነው። ሰው የሚፈራው ይሄን ነው፤ «ጤነኛውን ለምን አበላሻለሁ?» ይላል። ጤነኛው ካልተነካ አዲሱ የሚይዝበት የለውም።

ጀልባዬን ስረከብ ጎኑ ላይ ቀድሞ የተሞላ ቦታ ነበር። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ስቱኮው በአንድ ቁራጭ ተፈንቅሎ ወጣ። ጀርባው ያብረቀርቅ ነበር፤ አንድም የጭረት ምልክት የለበትም። የሞላው ሰው ሥሩን ጨርሶ አልሞረደውም ነበር።

ግራይንደር ላይ ቁጥር 60 አካባቢ ሻካራ ዲስክ ግጠሙ። መሣሪያውን አትጫኑት፣ ክብደቱ ይበቃዋል። እየሞረዳችሁ ስትሄዱ የጨርቁ ንብርብሮች እንደ ግንድ ቀለበት አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ምርጡ መለኪያ እሱ ነው። በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ከሆነ ተዳፋታችሁ እኩል ነው። አንዱ ጋ ከተጣበቡ እዚያ ጋ ገደል ሆኗል፤ አስፉት። በዚያው ስንት ንብርብር መመለስ እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ።

አቧራው የብርጭቆ ብናኝ ነው። ረጅም እጅጌ፣ መነጽርና ጥሩ የአቧራ ማስክ የግድ ናቸው። ወደ ሬዚን ሥራ ስትገቡ ደግሞ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። የወረቀት ማስክ ለትነት ምንም አይፈይድም።

ሬዚንና ጨርቅ

ከውሃ መስመር በታች ላለና በቀለም ለሚሸፈን ቦታ ኢፖክሲ የሚባለውን የሬዚን ዓይነት እመርጣለሁ፤ የድሮውን ገላ አጥብቆ ይይዛል። ላዩ ጄልኮት የሚሆን ከሆነ ግን ቪኒልስተር ወይም ፖሊስተር ሬዚን ተጠቀሙ፤ ጄልኮት ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይዝም። ጨርቁም ይለያያል። ተራው የተቆራረጠ ክር ምንጣፍ ክሮቹን የያዘው ሙጫ ለፖሊስተር የተሠራ ነው፤ ኢፖክሲ ውስጥ አይሟሟም። ለኢፖክሲ የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ ግዙ።

ፖሊስተር የሚጠነክረው ኤምኢኬፒ በሚባለው ማጠንከሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ። በጠብታ መገመት ትታችሁ መዝኑ። ዓይን ከገባ እስከማሳወር ስለሚደርስ መነጽሩን አታውልቁ። ከአሴቶን ጋርም በፍጹም አታገናኙት። ኢፖክሲ ግን መጠኑ ቁርጥ ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ያበላሸዋል። የትኛውንም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ቀላቅሉ። ባልዲ ሙሉ ሬዚን በራሱ ሙቀት ሊጨስ ይችላል።

ብዙ ሰው በትንሹ የጨርቅ ቁራጭ ይጀምራል። እኔ በትልቁ ነው የምጀምረው፤ ረጃጅሞቹ ክሮች የተሞረደውን ቦታ በሙሉ ይነካሉ፣ በኋላ ላዩ ሲስተካከልም አይቆረጡም። ጨርቁን በሬዚን አርሱ፣ አየሩን በሮለር አስወጡ። ነጭ ነጥብ ካያችሁ አየር ወይም ደረቅ ቦታ ነው። ኢፖክሲ ከሆነ ሲጠነክር ላዩ ላይ የሚወጣውን የሰም መሰል ልባጭ በውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ሞርዱ።

ጄልኮቱ

መጀመሪያ ከጉዳቱ አጠገብ ያለውን አሮጌ ጄልኮት በፖሊሽ አጽዱ። እውነተኛው ቀለም ያኔ ነው የሚታየው። አሮጌ ነጭ ነጭ አይደለም፤ ቢጫ ያዘነብላል፣ ትንሽም ግራጫ አለበት። ከነጩ ተነስታችሁ ቢጫና ጥቁር በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ልክ ጨምሩ። ከዚያ ጥቂቱን ከማጠንከሪያ ጋር ቀላቅላችሁ ጀልባው ላይ ነጠብ አድርጉና ጠንክሮ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይለወጣል። ስታነጻጽሩም በቀን ብርሃን ይሁን። የተዘጋጁ የቀለም ስብስቦች የሚመስሉት ጀልባው አዲስ እያለ የነበረውን ነው፤ ስለዚህ ለአሮጌ ጀልባ አልመክራቸውም።

ሰም የሌለው ጄልኮት አየር ከነካው ላዩ እንደተጣበቀ ይቀራል። ስለዚህ መጨረሻው ድርብ ላይ የሰም መጨመሪያ አድርጉ፣ ወይም በፕላስቲክ ሸፍኑት። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከዙሪያው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት። ዙሪያውን የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ከሆነ ጄልኮቱ ሳይጠነክር አንሱት።

ከደረቀ በኋላ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። በጣት ከተሻሸ ጉድጓድ ይሠራል። ከ220 ጀምራችሁ በ400፣ በ600 እና በ1000 እያረጠባችሁ ውጡ፤ ከዚያ ፖሊሽና ሰም። በመሃል የጨርቁ ሽመና ብቅ ካለ ጄልኮቱ ሳስቷል ማለት ነው። አቁሙና በአሴቶን ጠርጋችሁ አንድ ድርብ ጨምሩበት።