ዶዘር ሲሞቅ ቴስታታ ከመፍታታችሁ በፊት

አዋሽ ሸለቆ ውስጥ፣ አሚባራ አካባቢ፣ ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ እሾሃማ ዛፍ የሚመነጥር ዶዘር ቢሞቅ ማንንም አይገርምም። የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። አቧራው ደቃቅ ነው፣ ቅጠሉም ደቃቅ ነው፣ ግንዱ በተገፋ ቁጥር ሁለቱም ተነስተው ወደ ማሽኑ ይገባሉ። የሚያናድደው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። መካኒክ ይጠራል፣ ገና ኮፈኖውን ሳይከፍት «ጋርኒሲዮን አቃጥሏል» ይላል (ጋርኒሲዮን በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሥር ያለው መዝጊያ ነው)፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማሽኑ ፀሐይ ላይ ይገተራል፣ ተፈቶ ተገጥሞ ሲነሳ ያው ይሞቃል። ምርመራ መሄድ ያለበት ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ስህተቶች እነሆ።

መቼ እንደሚሞቅ ሳይጠይቁ መፍቻ ማንሳት

ማሽኑ ላይ የሚውለው ኦፕሬተሩ ነው፣ የሚጠይቀው ግን የለም። ጠዋት ደህና ሆኖ ወደ ከሰዓት እየባሰ የሚሄድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ራዲያተሩ ላይ አየር አለማለፉ ነው። ጌጁ ድንገት ዘሎ ቀይ ከገባ የተበጠሰ ቺንጋ፣ የፈነዳ ቱቦ ወይም የውሃ ፓምፕ ፈልጉ። ጉቶ ሲገፋ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ጌጁን ብቻ ማመን

ሴንሰር ይበላሻል፣ ሽቦ ይላላል። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ደግሞ ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ደህና ያሳያል። በእጅ የሚያዝ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ግዙ፤ ዋጋው የዶዘር የአንድ ቀን ኪራይ እንኳ አይሞላም።

ማሽኑ ሥራ ላይ ቆይቶ እንደሞቀ፣ ከፋኑ ራቅ ብላችሁ፣ ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚገባበትን የላይኛውን ቱቦና የሚወጣበትን የታችኛውን ለኩ። ሁለቱም ትኩስ ሆነው ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ ውሃው እየዞረ ነው፣ ራዲያተሩ ግን ሙቀቱን አያስወጣም፤ አየር አጥቷል ማለት ነው። ላይኛው በጣም ትኩስ፣ ታችኛው በጣም የቀዘቀዘ ከሆነ ውሃው እንደሚገባው አይዞርም፤ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀውን በር) እና የራዲያተሩን ውስጥ ጠርጥሩ። ከዚያ የራዲያተሩን ፊት ከጥግ እስከ ጥግ ለኩት። አንድ ቦታ ተለይቶ ከቀዘቀዘ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ውስጣቸው ተደፍኗል።

ራዲያተሩን ከተሳሳተ ጎን መንፋት

«ራዲያተሩማ ተነፍቷል» ሲሏችሁ «ከየት በኩል?» በሉ። መነፋት ያለበት አየሩ ከሚሄድበት በተቃራኒ ነው። ፋን ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ አየሩን ከፊት ወደ ሞተሩ ይስባል፣ አንዳንዱ (ዶዘር ላይ ይሄ የተለመደ ነው) ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይገፋል። የሚገፋ ከሆነ ቆሻሻው የሚጠራቀመው በውስጥ በኩል ፋኑ ጋ ነው፣ ስለዚህ ከፊት ቆማችሁ ስታዩት ንጹህ ነው፣ ጀርባው ግን ቅጠልና አቧራ ተጋግሮበት ፍራሽ መስሏል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ ወረቀት እሰሩና ሞተሩ ዝቅ ብሎ እየሠራ ከፊት ወደ ግሪሉ አስጠጉት። ወረቀቱ ከተለጠፈ ፋኑ ይስባል፣ ከሸሸ ይገፋል።

ብዙ ማሽን ላይ ደግሞ ራዲያተሩ ብቻውን አይደለም። የሃይድሮሊክ ዘይት ማቀዝቀዣ አለ፣ ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው አለ፣ ተደራርበው ነው የሚቆሙት። ሁሉም ሰው የሚያጸዳው የፊተኛውን ነው። ክፉው ቆሻሻ ግን መሀላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ስለሚቀር ብሎን ተፈቶ ካልተራራቁ አይታይም። ካራራቃችኋቸው በኋላ በአንዱ ጀርባ የእጅ ባትሪ አብሩና ከፊት ተመልከቱ፤ ጨለማ ሆኖ የቀረው ቦታ ገና አልጸዳም።

ሞተሩ ቆሞ መጀመሪያ በኮምፕሬሰር አየር ንፉ፣ ውሃው ከዚያ ይምጣ። ደረቅ አቧራ ላይ ቀጥታ ውሃ የሚለቅ ሰው ጭቃ እያቦካ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ሲደርቅ በአየር አይነሳም። ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ተጠግቶ መልቀቅም ስስ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። ክንፎቹ ላይ ዘይት ካለ መጀመሪያ ፍሳሹን አስቁሙ፤ አለበለዚያ አቧራው እንደገና ይለጠፍበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። በራዲያተሩ ዙሪያ ያለው ላስቲክና የፋኑ ሽፋን ጌጥ አይደለም። «ይሄ ምን ያደርጋል» ተብሎ ተቀዶ ሲጣል በራዲያተሩ አልፎ የሞቀው አየር በክፍተቱ ዞሮ ተመልሶ ይገባል፣ ስለዚህ ንጹህ ራዲያተር ይዛችሁም ትሞቃላችሁ።

የኮንቨርተሩን ሙቀት ሞተሩ ላይ መለጠፍ

ትልቅ ጉቶ ፊት በሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ጋዙን እስከ ጥግ የሚሰጥ ኦፕሬተር ታውቃላችሁ። ሰንሰለቱ ቆሟል፣ ሞተሩ ይጮኻል። ያ ሁሉ ጉልበት ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ዘይቱን እያማሰለ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የኮንቨርተሩ ዘይት ደግሞ ብዙ ዶዘር ላይ የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ውሃ ስለሆነ ሙቀቱ መጨረሻ ላይ የሚታየው በሞተሩ ጌጅ ነው። ሁለቱን ጌጆች አብራችሁ ተመልከቱ። የኮንቨርተሩ ቀድሞ ከወጣ ራዲያተሩን ተዉት፣ አነዳዱን አስተካክሉ፦ አንደኛ ማርሽ፣ መጀመሪያ ሥሩን በዙሪያው መቁረጥ፣ ከዚያ መግፋት። በዝግታ ሲሄድም የሚሞቅ ከሆነ በደንብ ያልለቀቀ ፍሬን ይኖራል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

«ለአገራችን ሙቀት አያስፈልግም» የሚሉት ነገር አለ። ብዙ ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ሞተሩም ይብስበታል።

ሲፈተሽም ጥንቃቄ አለው። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልቶ ቴርሞስታቱን ማንጠልጠል ጥሩ ዘዴ ነው። ግን አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። በ82 መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ ለሙሉ እስኪከፈት አሥርና ከዚያ በላይ ዲግሪ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ በግማሽ ስለተከፈተ ብቻ «ሞቷል» ብላችሁ አትጣሉት። በቴርሞሜትር እያያችሁ መክፈት የጀመረበትን ዲግሪ ከተጻፈበት ጋር አወዳድሩ።

ኩላንት የብርድ አገር ነው ማለት

ኩላንት (የራዲያተሩ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ) ከበረዶ ብቻ አይደለም የሚከላከለው። የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገት ይከለክላል፣ የሲሊንደሩ ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት እጅጌ) ከውሃው በኩል በጥቃቅን ቀዳዳ እንዳይበላ ይጠብቃል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ማዕድን ይበዛበታል፣ ሲሞቅ ቅርፊት ሠርቶ ይጋገራል፣ ቅርፊቱም ሙቀት አያስወጣም። ኩላንቱን የምታቀጥኑት በተጣራ ውሃ ይሁን። የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁት፤ አንድ ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የውሃውን መፍያ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ይሄን ሁሉ ያሳጣችኋል።

አረፋ ባዩ ቁጥር ጋርኒሲዮን ማለት

ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከፓምፑ መሳቢያ በኩል በሚገባ አየርም ይመጣል። ፓምፑ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ፣ ቺንጋውን አውጡ፣ ራዲያተሩን ሙሉና ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ አስነሱ። ፓምፑ ሳይዞር አረፋው ከቀጠለ የቃጠሎ ጋዝ ነው፤ ጋርኒሲዮኑን ያኔ ጠርጥሩ። ከቆመ ቱቦዎቹንና የፓምፑን ሲል አጥብቃችሁ ፈትሹ።

ሲሞቅ መደንገጥ

ጌጁ ቀይ ሲገባ ወዲያው ቁልፍ ማጥፋት አይደለም። ውሃው ካልፈሰሰ ብሌዱን አውርዱ፣ ማርሹን አውጡ፣ ሞተሩን ዝቅ አድርጋችሁ ትንሽ አቆዩት፤ ውሃውም ይዞራል፣ ቱርቦውም ይበርዳል። እየወረደ ካልሄደ አጥፉት። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ከሄደ ግን አንድ ደቂቃም አትጠብቁ፣ ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱን ይቀቀላል፣ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰም ደህና የነበረውን ቴስታታ ይሰነጥቃል። ክዳኑን በእጅ መንካት እስኪቻል ጠብቁ፣ ግፊቱ እንዲወጣ ቀስ ብላችሁ ፍቱት። መጠበቁ ካሰለቻችሁ የሆድ መከላከያ ብረቱ ላይ የተጠራቀመውን ደረቅ ቅጠል ጥረጉ፤ ዘይት ሲነካው ከሥር እሳት የሚያስነሳው እሱ ነው።