ዳያሎግ ሲከፈት ፕሮግራሙ ቀጥ የሚለው ለምንድን ነው? የሞዳል መስኮት ችግርና መፍትሄ

የሰራሁትን ፕሮግራም ከሚጠቀሙት አንዷ ደወለችልኝ። «ሪፖርት ሳወጣ ስታክ ያደርጋል፤ ዘግቼ ካልከፈትኩት አይነቃም» አለችኝ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ምንም የለም። በመጨረሻ አጠገቧ ተቀምጬ የምታደርገውን ማየት ጀመርኩ። ሪፖርት የሚለውን ትጫናለች። ሪፖርቱ ጊዜ ስለሚወስድ እስኪያልቅ ኢሜይሏን ትከፍታለች። ስትመለስ ዋናው መስኮት ክሊክ አይቀበልም። አልትና ታብ ተጭኜ ሳገላብጥ «ሪፖርቱ ተዘጋጅቷል፤ ይታተም?» የምትል ትንሽ ሳጥን ከጀርባ ተደብቃ አገኘኋት። ፕሮግራሙ መልስ እየጠበቀ ነበር። ጥያቄው ግን ለእሷ ጭራሽ አልታያትም።

ከዚያ ወዲህ የዳያሎግ (ጥያቄ ወይም መልእክት ይዞ የሚመጣ ትንሽ መስኮት) ችግር ሲመጣ ኮዱን ከማየቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የዚህ ዳያሎግ ባለቤት የትኛው መስኮት ነው? ኢቨንት ሉፑን፣ ማለትም ክሊክና የመሳሰሉትን መልእክቶች ተራ በተራ ተቀብሎ የሚያስተናግደውን የፕሮግራሙን ዑደት፣ አሁን የያዘው ማነው? ሞዳል ዳያሎግ ማለት በእነዚህ በሁለቱ የቆመ ነገር ነው። ባለቤቱን መስኮት ይቆልፋል፤ ከላዩም ይቀመጣል። ደግሞ ኮዳችሁ መሃል ሌላ ኢቨንት ሉፕ ይከፍታል። ዳያሎጉን ለመክፈት «ሾውዳያሎግ» ያላችሁበት መስመር ገና አልተመለሰም፤ ፕሮግራሙ ግን ሕያው ነው። ታይመር ይቆጥራል፤ መስኮቱ ይሳላል፤ መልእክት ይገባል። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

መጀመሪያ፦ ተቆልፏል ወይስ ሃንግ አድርጓል?

ተጠቃሚ ሁለቱንም «ስታክ አደረገ» ነው የሚለው። መለየት የእኛ ስራ ነው። ዋናው መስኮት ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ሰዓት ወይም የሂደት ማሳያ፣ እየተንቀሳቀሰ ክሊክ ብቻ እምቢ ካለ ሞዳል ዳያሎግ የሆነ ቦታ ክፍት ነው። ዊንዶውስ ላይ የተቆለፈውን መስኮት ክሊክ ስታደርጉ ድምፅ ካሰማም ያው ምልክት ነው። ኤስኬፕ ተጭናችሁ ከነቃ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ የተደበቀው ዳያሎግ ተዘግቷል ማለት ነው።

መስኮቱ ከነጭራሹ ነጣ ብሎ ርዕሱ ላይ «ምላሽ አይሰጥም» የሚል ከመጣ ግን ሉፑ ራሱ ታንቋል። ዊንዶውስ ይህን የሚያሳየው መስኮቱ ለ5 ሰከንድ ያህል መልእክቶቹን ሳያነሳ ሲቀር ነው።

ዳያሎጉ ከዋናው መስኮት ጀርባ ይደበቃል

ምክንያቱ ዳያሎጉ ባለቤት ስለሌለው ነው። ዊንዶውስ ፎርምስ (የማይክሮሶፍት የመስኮት መስሪያ ላይብረሪ) ላይ ነገሩ ትንሽ ያታልላል። ቅንፉን ባዶ ትታችሁ «ሾውዳያሎግ» ስትሉ በዚያ ቅጽበት አክቲቭ የሆነውን የፕሮግራማችሁን መስኮት ባለቤት ያደርገዋል። እናንተ ስትሞክሩት የራሳችሁ መስኮት ፊት ለፊት ስላለ ሁልጊዜ ይሰራል። ተጠቃሚው ወደ ሌላ ፕሮግራም ዞር ባለበት ቅጽበት ከተከፈተ ግን ባለቤት የሚሆን አይገኝም፤ ዋናው መስኮት ይቆለፋል፣ ዳያሎጉ ግን ከላዩ አይቀመጥም። ያቺ ሴት የገጠማት ይኸው ነበር። ይህ ስህተት በሙከራ የማይያዘው ለዚህ ነው።

መፍትሄው አጭር ነው፤ ባለቤቱን ሁልጊዜ በግልጽ ስጡ። ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ቅንፉ ውስጥ «ዚስ» (ዳያሎጉን የሚከፍተው ፎርም ራሱ) አስገቡ። ደብልዩፒኤፍ (ሌላው የማይክሮሶፍት ላይብረሪ) ላይ ከመክፈታችሁ በፊት «ኦውነር» የሚለውን ሙሉ፤ ባለቤቱ ግን አስቀድሞ የታየ መስኮት መሆን አለበት፣ አለዚያ ስህተት ይወረውራል። በኪውት ላይብረሪ ፓረንት አድርጋችሁ፣ በጃቫው ስዊንግ ላይ ደግሞ «ጄዳያሎግ» ሲፈጠር አሳልፉት። «ሁልጊዜ ከላይ ሁን» የሚለውን ባሕርይ በማብራት የሚያልፉት አሉ። እኔ አልመክርም። ዳያሎጉ የሌሎች ፕሮግራሞችንም መስኮት መሸፈን ይጀምራል።

ከጀርባ የሚሰራ ትሬድ ዳያሎግ ሲከፍት ይበላሻል

ምልክቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዴ ባዶ ሳጥን ይመጣል፤ አንዳንዴ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ አንዳንዴ ሁለቱ ትሬዶች (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ የስራ መስመሮች) እየተጠባበቁ ለዘላለም ይቆማሉ። ምክንያቱ ግን አንድ ነው። መስኮት የሚነካው የመስኮቱ ትሬድ ብቻ ነው። ከጀርባ ያለው «ጠይቅልኝ» ብሎ መልእክት መላክ እንጂ ራሱ መክፈት የለበትም።

ስዊንግ ላይ «ኢንቮክሌተር»፣ ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ «ቢጊንኢንቮክ»፣ ኪውት ላይ ሲግናል ተጠቀሙ። መልሱን የግድ መጠበቅ ካለባችሁ ጥንቃቄ አድርጉ። ዋናው ትሬድ የጀርባውን ስራ እየጠበቀ ከሆነ፣ የጀርባው ደግሞ የዳያሎጉን መልስ ከጠበቀ፣ ማንም ማንንም አይለቅም። ዋናውን ትሬድ በፍጹም አታስጠብቁት።

«እባክዎ ይጠብቁ» ይላል፤ ስራው ግን አይጀመርም

«ሾውዳያሎግ» ብላችሁ ስራውን ከስሩ ጽፋችኋል። ያ መስመር ዳያሎጉ ካልተዘጋ አይመለስም። ዳያሎጉ ደግሞ የሚዘጋው ስራው ሲያልቅ ነው። ስራውን በጀርባ ትሬድ አስጀምሩና ዳያሎጉን ክፈቱ፤ ሲያልቅ በመልእክት ይዘጋ። ማስጀመሪያውን ዳያሎጉ መጀመሪያ በታየበት ኢቨንት ላይ ማድረግ ይሻላል። ያኔ ስራው ቶሎ ቢያልቅ እንኳ የሚዘጋው ነገር አለ።

አንዱ ስህተት አስር ሳጥን ይከፍታል

በየሰከንዱ የሚሰራ ታይመር አለ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ መልእክት ያሳያል። ዳያሎጉ የራሱን ሉፕ ስለከፈተ ታይመሩ አልቆመም፤ በሚቀጥለው ሰከንድ ሌላ ሳጥን ይደርባል። ተጠቃሚው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ስክሪኑ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ዳያሎግ ከመክፈታችሁ በፊት ታይመሩን አቁሙ፤ ሲዘጋ መልሳችሁ አስነሱት። ወይም «አሁን ክፍት ነው» የሚል ምልክት ያዙና ካለ ሁለተኛ አትክፈቱ።

ከዚህ የከፋም አለ። ዳያሎጉ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ውስጠኛ ሉፕ የመጣ ሌላ ኢቨንት ባለቤቱን መስኮት ሊያጠፋው ይችላል። ኪውት ላይ ዳያሎጉን የከፈተው «ኤክሴክ» ሲመለስ የምትነኩት ነገር የለም፤ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ይህ በወር አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ፣ አሳሳች ስህተት ነው። ኪውት ላይ በ«ኤክሴክ» ፈንታ «ኦፕን» ብትጠቀሙ ደግ ነው። ውጤቱን በሲግናል ትቀበላላችሁ፤ ውስጠኛ ሉፕ የሚባል ነገር አይኖርም። ኮዱን ለሁለት መክፈል ይጠይቃል፤ ግን ያዋጣል።

ዳያሎጉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል

ኪውት ላይ በ«ሾው» ነው የከፈታችሁት፤ ተለዋዋጩ ደግሞ የተፈጠረው ፈንክሽኑ ውስጥ ነው። «ሾው» ሳይጠብቅ ይመለሳል፤ ፈንክሽኑ ሲያልቅ ዳያሎጉም አብሮ ይሞታል። ኪውትን ከፓይተን ስትጠቀሙም ያው ነው። የሚይዘው ተለዋዋጭ ከሌለ የሜሞሪ ማጽጃው ይወስደዋል። የክላሱ አባል አድርጋችሁ ያዙት።

ሲዘጋ የሌላ ፕሮግራም መስኮት ፊት ይመጣል

ይህ በዊን32 (የዊንዶውስ መሠረታዊ ትዕዛዞች) በቀጥታ የሚጽፉትን የሚገጥም ነው። ዊንዶውስ የተቆለፈ መስኮትን አክቲቭ ማድረግ አይችልም። ባለቤቱ ከመቆለፍ ሳይፈታ ዳያሎጉን ካጠፋችሁት ሌላ መስኮት ይመርጣል። ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ፤ መጀመሪያ ባለቤቱን በ«ኢኔብልዊንዶው» ከመቆለፍ ፍቱ፣ ከዚያ ዳያሎጉን አጥፉ። «ዳያሎግቦክስ» ብላችሁ ከፍታችሁ ከሆነ ደግሞ መዝጊያው «ኤንድዳያሎግ» ነው፤ «ዲስትሮይዊንዶው» አይደለም። ቅደም ተከተሉን ራሱ ይጠብቅላችኋል።

የተሳሳተ መረጃ እያለ ይዘጋል፤ ወይም ሳይፈለግ ይዘጋል

ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ለእሺ ቁልፉ ዲዛይነሩ ላይ ውጤት («ዳያሎግሪዘልት») ሰጥታችሁት ከሆነ፣ ፍተሻችሁ ቢወድቅም ፎርሙ ይዘጋል። ፍተሻው ሲወድቅ የፎርሙን «ዳያሎግሪዘልት» ወደ «ነን» መልሱት።

ኪውት ላይ ደግሞ ተጠቃሚው መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ጽፎ ኢንተር ሲመታ ዳያሎጉ እልም ይላል። እዚያ ዳያሎግ ውስጥ ያለ ቁልፍ ሁሉ በነባሪ «ኦቶዲፎልት» (በኢንተር ሊጫን የሚችል) ነው፤ ኢንተሩን አንዱ ይወስደዋል። ለማያስፈልጋቸው አጥፉት። ኤስኬፕም ወጥመድ አለው። «ያልተቀመጠ ጽሑፍ አለ» የሚለውን ጥያቄ «ክሎዝኢቨንት» ላይ ብቻ ከጻፋችሁ፣ ኤስኬፕ ግን የሚጠራው «ሪጀክት»ን ስለሆነ ጥያቄው ታልፎ ጽሑፉ ይጠፋል። ሰው የደከመበት ጽሑፍ ነውና እባካችሁ ሁለቱንም በር ጠብቁ።

አንድ ዳያሎግ የተከፈተውን ሰነድ ሁሉ ይቆልፋል

የመቆለፊያው ስፋት ከሚገባው በላይ ነው። ስዊንግ ከጃቫ 6 ጀምሮ (2006) በሰነድ ደረጃ ብቻ መቆለፍ ይፈቅዳል። ኪውትም «ዊንዶውሞዳል» አለው።

ቲኪንተር ላይ ሁለተኛው መስኮት አይቆልፍም

በፓይተኑ ቲኪንተር ሁለተኛ መስኮት የሚፈጥረው «ቶፕሌቭል» በራሱ ሞዳል አይደለም። «ትራንዚየንት» ብላችሁ ከባለቤቱ ጋር አያይዙት፤ በ«ግራብ_ሴት» ክሊኩን ሁሉ ወደ እሱ ሰብስቡ፤ በ«ዌይት_ዊንዶው» እስኪዘጋ ጠብቁ። ሊኑክስ ላይ «ግራብ_ሴት» መስኮቱ ገና አልታየም ብሎ ስህተት ከሰጠ፣ ከፊቱ «ዌይት_ቪዚቢሊቲ» ጨምሩ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት

ደብልዩፒኤፍ ላይ የተዘጋ መስኮት ዳግም አይከፈትም፤ በየጊዜው አዲስ ፍጠሩ። ዊንዶውስ ፎርምስ ግን በተቃራኒው ነው። በ«ሾውዳያሎግ» የተከፈተ ፎርም ሲዘጋ ይደበቃል እንጂ አይወገድም። እንደገና መክፈት ትችላላችሁ፤ ግን ተጠቃሚው ቀድሞ የጻፈው እዚያው ይጠብቃችኋል። የማትፈልጉት ከሆነ ሲያልቅ ራሱ በሚያስወግደው «ዩዚንግ» ውስጥ ፍጠሩት፤ ከመውጣታችሁ በፊት ግን የተሞላውን መረጃ አንብቡ።