ሳንቲም ስትሰበስቡ የሚያጋጥም ጣጣ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ሳንቲም በጠርዙ እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። ላብ ያለበት ጣት ፊቱ ላይ እንደማያርፍም ታውቃላችሁ። ስለዚህ እሱን ዘልዬዋለሁ። የጻፍኩት ባሕር ዳር ውስጥ "እስቲ ይህን እይልኝ" እየተባልኩ ደጋግሜ ያየሁትን ነው። አብዛኛው ያው አንድ ጣጣ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ሳንቲሙ ያብለጨልጫል፣ ሰብሳቢ ግን አይቶ ይመልሰዋል

ምክንያቱ፦ ታጥቧል። ብዙ ጊዜ በሎሚ፣ አንዳንዴ በአመድ፣ አንዳንዴ በጥርስ ሳሙና። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያሳደረም አይቻለሁ።

አንድ ክረምት አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጡ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የምኒልክ ብር ቋጥረዋል። ከአያታቸው ሙዳይ የወጣ ነው። ዓመቱ ፲፰፻፹፯ (1887) ይላል፤ ፓሪስ ከተመቱት ከመጀመሪያዎቹ ማለት ነው። ቋጠሮውን ሲፈቱት ልቤ ቀጥ አለ። ብሩ እንደ አዲስ ማንኪያ ነጭ ሆኗል። "ልጄ እንዳላፍር ብሎ ሌሊቱን ሎሚ ውስጥ አሳድሮ፣ ጠዋት በአመድ ፈተገልኝ" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ምን ልበላቸው? በማጉያ ሳየው አንበሳው ጋማ ላይ የአመዱ ጭረት እንደ ማረሻ ትልም ተደርድሯል። ዘውዱ ሥር ብቻ፣ ጣት ያልደረሰባት አንዲት ስርጉድ ውስጥ፣ የድሮው ጥቁር ግራጫ ቀርቷል። ብሩ ምን ይመስል እንደነበር የገባኝ በእሷ ነው። "እማማ፣ ለልጅ ልጅ ያስቀምጡት፣ አይሽጡት" ብዬ ቡና አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ቢሸጡት የሚያገኙት ከብርነቱ ክብደት ብዙ አያልፍም ነበር።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ልጅ ሆኜ የመጀመሪያዋን ግርሼን ጣና ዳር ቁጭ ብዬ በእርጥብ አሸዋ አሸኋት። አሁንም አለች። አንበሳው ፊት የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብር ላይ የምታዩት ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ራሱ ብሩ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋህዶ የለበሰው ቆዳ ነው። ሎሚና አመድ ቆዳውን ሲገፍፉት ከሥሩ ያለው ብረትም አብሮ ይነሳል። የተነሳው ደግሞ አይመለስም።

የታጠበን ለመለየት አምፖል ሥር ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ያልተነካ አዲስ ሳንቲም ላይ ወዙ እንደ መንኮራኩር ይዞራል። የተፈተገው ላይ ብርሃኑ ባለበት ይቆማል፣ ቀጫጭን ጭረቶችም ወደ አንድ አቅጣጫ ይታያሉ። መዳብ ከሆነ ቀለሙ ራሱ ያሳብቃል። ሎሚ የበላው የ1936 ዓ.ም. አምስት ሳንቲም ላስቲኩ አሁን የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመስላል። ዘመን ያየ መዳብ እንደዚያ ሮዝ አይሆንም።

መፍትሔው፦ ለታጠበው የለም። ተዉት። ከዓመታት በኋላ ትንሽ ይጠቁራል፣ ጭረቱ ግን አብሮት ይኖራል። "በድኙ ላጥቁረው" ብላችሁ እንቁላል አጠገብ እንዳታስቀምጡት፤ ያንንም ያደረገ አለ።

ላልታጠበው የተፈቀደው ይህ ብቻ ነው። ጭቃና አፈር ከያዘው የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ባትሪ የሚሞሉ ሱቆች የሚሸጡት ዲስትልድ ውሃ ይሆናል። አደራ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ አሲድም አለ፤ ጠርሙሱን ሳታነቡ እንዳትገዙ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፣ ውሃው ይቀየር። ስታወጡት በጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን እያላችሁ አድርቁ። አትሹት። አትሹት ብያለሁ።

አረንጓዴ፣ እጅ ላይ የሚያጣብቅ ነገር አወጣ

ሁለት ዓይነት አረንጓዴ አለ። ደረቅና ዱቄት የሚመስለው የመዳብ ዝገት ነው፤ የጣና እርጥበትና የክረምቱ ዝናብ ያመጡታል። የሚያጣብቀውና የሚያዝለገልገው ግን ከአልበማችሁ ነው የመጣው። ለስላሳው የፒቪሲ ፕላስቲክ ሲያረጅ አሲድና ቅባት ይተፋል። አልበሙን ከፍታችሁ አሽትቱት። አዲስ የዝናብ ልብስ ከሸተተ፣ ሳንቲሞቻችሁን ዛሬውኑ አውጡ። ነገ ሳይሆን ዛሬ። ይህን ርካሽ አልበም "የሳንቲም ማስቀመጫ" ብሎ የሚሸጥ ሰው ሳንቲም አስቀምጦ አያውቅም።

የሚያጣብቀውን ንጹሕ አሴቶን ያነሳዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አይሆንም፤ ሽቶና ዘይት ተቀላቅሎበታል። ብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ፕላስቲክ ኩባያ ራሱ ይሟሟል። መስኮት ክፈቱ። ከሰል አጠገብ አይሆንም፣ ሲጋራ አይሆንም፣ ቡና እየተፈላ አይሆንም። አሴቶን ቅባቱን እንጂ ብረቱን አይነካም። ፕላስቲኩ ቀድሞ የበላው ካለ ግን ጠባሳው ይቀራል። ደረቁን ዝገት አሴቶን አያነሳውም፤ እንዳይስፋፋ ብቻ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጥሏቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስቡ። ክዳኑ ገጥም የሚል ሣጥን ውስጥ ከሳንቲሞቹ ጋር ይቀመጡ። ሣጥኑ መሬት ላይ፣ አልጋ ሥር አይሁን።

ብሩ ፊት ላይ አንድ ጥቁር መስመር ተጋድሟል

ላስቲክ ነው። ጠገራ ብሮቹን ደርባችሁ በላስቲክ አስራችኋል። ላስቲክ ውስጥ ድኝ አለ፣ ብር ደግሞ ድኝ አይወድም። ፍቱት። መስመሩ አይጠፋም።

"የ1780 ጠገራ ብር አለኝ፣ ሀብታም ነኝ"

አይደላችሁም። ጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞተች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከቪየና እስከ ለንደንና ቦምቤይ ሲመታ ኖሯል። ጣሊያን እንኳ ለወረራው ሲዘጋጅ ሮም ላይ መትቶታል። ቪየና ዛሬም ትመታለች። ዓመቱ ዕድሜውን አይናገርም።

እውነተኛነቱን ለማወቅ ግን መንገድ አለ። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጠርዙ ላይ ወጣ ወጣ ያሉ የላቲን ፊደላት መኖር አለባቸው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይ ሐሰት ነው፣ ወይ አንጥረኛ ሞርዶታል። ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ዘጠኝ እንቁዎች አሉ፤ የድሮ ነጋዴዎችም እነሱን ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት።

ከተጠራጠራችሁ የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ብሩን በክር አንጠልጥላችሁ ውሃው ውስጥ አስገቡ፣ ታችና ጎን ሳይነካ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካነበበ ብሩ ብር ነው። ናስ ቢሆን በዚያው ክብደት ከ3 ግራም በላይ ያነብባል።

የእኛ አገር ጠገራ ብዙ ጊዜ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል ወይም ተበስቷል፤ አንገት ላይ ይደረግ ነበርና። ማንጠልጠያውን አታስነቅሉ። የብየዳው ጠባሳ ከማንጠልጠያው የባሰ ያስቀይማል።

ዓመቱ ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር አልገጥም አለ

የደርግ ሳንቲሞች ላይ ፲፱፻፷፱ (1969) አለ። የውጭ ካታሎግ 1977 ይላቸዋል። ሰባት ወይም ስምንት መደመር ረስታችሁ ነው። የግዕዝ ቁጥር ከከበዳችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሳንቲሙ አጠገብ አድርጉ።

የጃንሆይ ሳንቲሞች ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ (1936) ደግሞ እንደ ጠገራው ቆሞ የቀረ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመቱ አልተቀየረም። ከእነሱ መሃል ብር ያለው ሽልንጉ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሙ ብቻ ነው። ስሙኒው፣ ማለትም ሃያ አምስት ሳንቲሙ፣ መዳብ ነው። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ በመጠን ከሽልንጉ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተደረገ። ክብ ስሙኒ ካገኛችሁ ያዙት። ብር ቢመስልም ቀለሙን አትፋቁት፤ ምናልባት ያኔ ሊያጭበረብር የፈለገ ሰው የቀባው ነው፣ እሱም ታሪክ ነው።

የቀሩት

የአክሱም ሳንቲም ለቱሪስት ከተዘረጋ ጨርቅ ላይ ካገኛችሁ፣ ሐሰት ከሆነ ተታለላችሁ፣ እውነት ከሆነ ቅርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። የገዳም ዕቃ ቤት ያለውንም "ይሸጡልኝ" ብላችሁ መነኮሳቱን አታስቸግሩ።

ማግኔት የያዘው አምስትና አሥር ሳንቲም፦ ሐሰት አይደለም። የኋለኞቹ ውስጣቸው ብረት ነው።

መሃሉ የወለቀ የ2002 ዓ.ም. አንድ ብር፦ "የፋብሪካ ስህተት ነው" ብሎ በውድ የሚሸጥላችሁ አይጠፋም። ጠርዙን በማጉያ እዩት። የመዶሻ ምልክት አለበት።