የዘይት ማፍሰሻ ቫልቭ ሲያንጠባጥብ፣ ሲዘገይ ወይም አልገባም ሲል

ዘይት በገዛ እጃችን ስንቀይር ትልቁ ጣጣ ያቺ ከኮፓው (ከሞተሩ ስር ዘይቱን ከሚይዘው ገበታ) ስር ያለችው ቡሎን ናት። ተጋድመን እንፈታታለን። ሳናስበው ትወልቅና ትኩሱ ዘይት በክንዳችን ይወርዳል። ቡሎኗም ጥቁሩ ዘይት ውስጥ ገብታ ትሰወራለች። የማፍሰሻ ቫልቭ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በቡሎኗ ቦታ አንዴ ይገጠማል፤ ከዚያ በኋላ እጀታውን ማዞር ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ቧንቧ።

ቪትዜ ላይ ከገጠምኩት አራት ዓመት ሆነው። ያመጣልኝ ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ስለሚውል ዘይት ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፤ ያለ ቫልቭ አልሠራም ይላል። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቼም እየገጠሙ ይደውሉልኛል። የሚነግሩኝ ችግር ከታች ካሉት ብዙም አይወጣም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቫልቩ አይደለም፤ የገጠሙት ቀን የተዘለለች አንዲት ነገር አለች።

ጥርሱ አልገባ አለ

መጀመሪያ ልኩን እዩ። ብዙዎቹ የቶዮታና የኒሳን ቤት መኪኖች ቡሎን 12 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 1.25 የጥርስ ርቀት አለው። ሆንዳና ሃዩንዳይ አብዛኛውን ጊዜ 14 በ1.5 ናቸው። በዓይን ሲታዩ ሊያሳስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ዓይነት አረጋግጡ፤ የመኪናው ስም ብቻ አይበቃም።

ልኩ ትክክል ሆኖም ካስቸገረ ጠማማ እየገባ ነው። መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ጠቅ ሲል ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ቀኝ። ሁለትና ሦስት ዙር በጣት ብቻ መግባት አለበት። በጣት እምቢ ያለን ነገር በቁልፍ አታስገድዱት። ኮፓው አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ በአንድ ደቂቃ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ መድረሻችሁ ቶርኖ ቤት ነው።

ከኮፓውና ከቫልቩ መጋጠሚያ ያንጠባጥባል

ከሁሉ በላይ የሚደወልልኝ በዚህ ነው። እኔንም የገጠመኝ ይኸው ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ቫልቩን በገጠምኩ በማግስቱ ጠዋት ከመኪናው ስር ያነጠፍኩት ካርቶን ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ጠብታ አየሁ። ያልጠበቀ መስሎኝ ጨመር አድርጌ አጠበቅሁት። በማግስቱ ጠብታዋ ሰፋች። ዘይቱን በንጹህ ዕቃ መልሼ አፈሰስኩና ቫልቩን ፈታሁት። በስልኬ መብራት ቀዳዳውን ዙሪያውን ሳይ አንድ ቀጭን ግራጫ ቀለበት ኮፓው ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። የድሮው ቡሎን ሮንዴላ፣ ዘይት እንዳያልፍ መሀል የምትገባው ቀለበት ነው። ከኮፓው ጋር አንድ ሆኖ ስለነበር የራሱ የኮፓው አካል ነበር የሚመስለው። በጥፍሬ ጫፉን ሳነሳው ተላቀቀ። አዲሱ ሮንዴላ በአሮጌው ላይ ስለተቀመጠ ነበር ዘይቱ መሀል ለመሀል መንገድ ያገኘው።

ስለዚህ መጀመሪያ በአሮጌው ቡሎን ላይ ሮንዴላው አብሮ መውጣቱን ተመልከቱ። ቡሎኑ ላይ ከሌለ ኮፓው ላይ ነው። በጥፍር ካልተላቀቀ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ነገር አንሱት፤ ካቻቪቴ ፊቱን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ደግሞ ሌላ ማንጠባጠቢያ ይሆናል። ከዚያ መቀመጫውን በጨርቅ እስኪደርቅ ጥረጉት።

ሮንዴላው አንድ ከሆነና አሁንም ካንጠባጠበ ማጥበቂያውን ጠርጥሩ። ቫልቩ ብዙውን ጊዜ ናስ ነው። ናስ እንደ ብረት ቡሎን በጉልበት አይጠብቅም። ከልክ በላይ ስታጠብቁት ሮንዴላው ይጨፈለቃል ወይም የቫልቩ አንገት ይሰነጠቃል። አብሮት የሚመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ልክ ተከተሉ። የጉልበት መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ፣ ሮንዴላው ተጠግቶ ከተቀመጠ በኋላ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ፣ ቆም እስኪል ድረስ ብቻ።

ቴፍሎን የሚጠቀልሉም አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። እዚህ ዘይት የሚያግደው ሮንዴላው ነው፣ ጥርሱ አይደለም። የቴፍሎኑ ቁራጭ ተበጥሶ ኮፓው ውስጥ ከገባ ዘይት የሚመጥጠውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘይት ከላይ ወርዶ ቫልቩ ጫፍ ላይ ሊጠራቀም ይችላል። ከፊልትሮው ወይም ከሞተሩ ክዳን የመጣ ዘይት ሁሉ መጨረሻው ዝቅተኛው ቦታ ነው። ቫልቩን ከመወንጀላችሁ በፊት ዙሪያውን በደንብ ጠርጋችሁ ሞተሩን አሥር ደቂቃ አሠሩና እርጥበቱ ከየት እንደሚጀምር ተመልከቱ።

ከቫልቩ አፍ ያንጠባጥባል

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ቫልቩ ውስጥ የምትዞር ቀዳዳ ያላት ኳስ አለች። ደለል ወይም የብረት ብናኝ ኳሷና መቀመጫዋ መካከል ከገባ ሙሉ በሙሉ አትዘጋም። መጀመሪያ እጀታው ወደ ማረፊያው ጎድጓዳ ገብቶ መቀመጡን አረጋግጡ። ገብቶም ካንጠባጠበ ጀሪካን ከስር አድርጋችሁ ዘይቱ እየፈሰሰ ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፤ የሚሮጠው ዘይት ቆሻሻውን ይዞት ይወጣል። ከዚያ በኋላም ካልቆመ ማኅተሙ አልቋልና ቫልቩ ይቀየር። ፈትታችሁ ለመጠገን አትልፉ።

ዘይቱ ቶሎ አይወርድም

ከቡሎኑ ቀዳዳ የቫልቩ ቀዳዳ ይጠባል፤ ስለዚህ መዘግየቱ ተፈጥሮው ነው። አወራረዱ በጣም ከቀጠነ ግን ምክንያት አለው። አንደኛው ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ያደረ ዘይት እንደ ማር ነው። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አሙቁት፤ ሞቅ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። ሁለተኛው የላይኛው የዘይት መሙያ ክዳን ተዘግቶ መሥራት ነው። ክዳኑ ሲከፈት አየር ይገባና ዘይቱ ይለቀቃል። ሦስተኛው፣ ቫልቩ አፍ ላይ ቱቦ ሰክታችሁ ከሆነ፣ የቱቦው መታጠፍ ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ ጭል ጭል ካለ ደለል አፉን ዘግቶታልና ቫልቩን ፈትቶ ማጽዳት ነው።

መቀበያ ዕቃውን በተመለከተ፣ ሃይላንድ ጠርሙስ ትኩስ ዘይት አይችልም፤ ይጨማደድና ይተኛል። ወፍራም የዘይት ጀሪካን ተጠቀሙ። የወጣውንም ዘይት የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ወይም አፈር ላይ አትድፉት። ለምስጥ ይሆናል ብለው አጥር ስር የሚያፈሱት አሉ፤ ያ ዘይት አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ዝናብ ሲመጣም ወደ ውሃው ይሄዳል። አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት።

አዲሱ ዘይት ወዲያው ጠቆረ

የቫልቩ ጥርስ ከኮፓው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚቀር ጥቂት አሮጌ ዘይት ውስጥ ይቀራል። መኪናው ዘንበል ብሎ ቆሞ ከሆነ ደግሞ የሚቀረው ይበዛል። ሜዳ ላይ አቁሙትና ታገሡት። በየሁለት ሦስት ቅያሬው ቫልቩን አንዴ ፈትታችሁ ታቹን አራግፉት።

ዋናው ጥርጣሬዬ ግን ፊልትሮው ነው። ቫልቩ ሥራውን ሲያቀል ፊልትሮውን የመዝለል ፈተና ይመጣል። ዘይቱ ብቻ ተቀይሮ ፊልትሮው ከቀረ አሮጌው ዘይት እዚያው ተቀምጧል። የቶዮታ 1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው የሚወስደው። ከዚያ በጣም ያነሰ ሞልታችሁ መለኪያው ብረት ሞልቷል ካለ፣ ከውስጥ ያልወጣ አለ ማለት ነው።

እጀታው ድንጋይ ይመታዋል ብዬ እሰጋለሁ

ስጋቱ ተገቢ ነው፣ በተለይ ኮረኮንች መንገድ ለሚነዳ። ከመግዛታችሁ በፊት ስሩ ገብታችሁ የቡሎኑን አቅጣጫ እዩ። ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ የሚያይ ከሆነና ከኮፓው በታች ካልወረደ ችግር የለውም። ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚያይ ከሆነና መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ ግን እኔ አልገጥምም፤ የሞተር መከላከያ ላሜራ ካለው ብቻ። ድንገት እንዳይከፈት እጀታውን የምትይዝ ቅንጥብ ለብቻዋ ትሸጣለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ነውና ግዟት። እጀታ አልባ ዓይነትም አለ። ክዳኑ ተፈትቶ ቱቦው ሲጠመድበት ብቻ ይከፈታል። መሬት ለሚነካ መኪና እሱ ይሻላል።

ለማየትም ለመግጠምም ስትገቡ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር አትግቡ። ጎማውን አግዱ፣ የብረት መደገፊያ አስቀምጡ።

ከቅያሬ በኋላ የጀበና ምስል ያላት ቀይ መብራት አልጠፋ አለች

አዲስ ፊልትሮ እስኪሞላ ድረስ ለጥቂት ሰከንድ ልትበራ ትችላለች። ካልጠፋች ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ስር እዩ፦ እጀታው ግማሽ ክፍት ቀርቶ ዘይቱ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል። ዝጉት፣ መለኪያውን አውጥታችሁ የጎደለውን ሙሉ፣ እንደገና አስነሱ። መጠኑ ልክ ሆኖ፣ ማፍሰሻውም ተዘግቶ መብራቷ ከበራች መኪናውን አታንቀሳቅሱት። መካኒኩ ወደ እናንተ ይምጣ።