አንዱ ሱቅ ባዶ፣ ሌላው ሱቅ ትርፍ፦ የምርት፣ የስርጭትና የክምችት ሞዴል ሲያስቸግር

ፒያሳ ያለው ሱቅ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ኬክ አልቆበት ደንበኛ ይመልሳል። ሜክሲኮ ያለው ደግሞ ማታ ሲዘጋ ሁለት ትሪ ሙሉ ይጥላል። ኬክ ቤቱ አንድ ነው፣ መጋገሪያውም ልደታ ያለው ያው አንዱ። ባለቤቱ «ኤክሴሉ ተበላሽቷል» ብሎ ጠራኝ።

ችግር፦ እዚህ ይጎድላል፣ እዚያ ይተርፋል

ኤክሴሉ አልተበላሸም። ችግሩ ሦስት ኤክሴል መሆኑ ነው። የጋጋሪዎቹ እቅድ ምድጃው ባዶ እንዳይቀመጥ ያያል፣ የሹፌሩ መኪናዋ ሞልታ እንድትወጣ፣ የሱቆቹ ደግሞ መደርደሪያው እንዳይጎድል። ሁሉም በየፊናቸው ልክ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ያፈርሳል።

መፍትሄው ሦስቱን አንድ ሞዴል፣ ማለትም አንድ ላይ የተያያዘ ስሌት ውስጥ ማስገባት ነው። የሚያስተሳስራቸው ስሌት ቀላል ነው፦ ትናንት ያደረው፣ ሲደመር ዛሬ የገባው፣ ሲቀነስ የተሸጠውና የተጣለው፣ እኩል ይሆናል ዛሬ የሚያድረው። ይህን ለየሱቁ፣ ለየምርቱ፣ ለየቀኑ ጻፉት። ለሱቆቹ የተላከው ድምር ከተጋገረው አይበልጥም በሉት። ከዚያ ሶልቨር (Solver፣ ምርጡን ቁጥር ፈልጎ የሚያወጣው የኤክሴል መሣሪያ) እንዲቀንስ የምትሰጡት አንድ ቁጥር የመጋገሪያው፣ የነዳጁና የሚበላሸው ወጪ ድምር ይሁን። ዘዴው ላይ «ሲምፕሌክስ ኤልፒ» (Simplex LP) የሚለውን ምረጡ።

ችግር፦ ሞዴሉ አንድ ሆኖም ፒያሳ ይጎድላል

አሁን ጥፋቱ ስሌቱ ላይ አይደለም፣ በ«የተሸጠው» ቦታ የምታስገቡት የፍላጎት ግምት ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ፍላጎት ብሎ የሚያስገባው የሱቆቹን ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዝ ደግሞ ይነፋል። 40 የምትሸጠው ልጅ ባለፈው ሳምንት ስለጎደለባት 60 ታዛለች፣ 60ው ሳይሟላ ሲቀር በሚቀጥለው 80 ትላለች፣ መጋገሪያው ያንን አይቶ ዱቄት ያከማቻል።

እሺ፣ ሽያጩን እናስገባ? እሱም ብቻውን አይበቃም። 40 ልካችሁላት 40 ከሸጠች ፍላጎቱ 40 ነው ማለት አይደለም፤ ያለቀው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው የት ተመዘገበ?

የፒያሳዋ ልጅ የኬክ ካርቶን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ «ማክሰኞ 9፡20 አለቀ፣ ሐሙስ 8፡45 አለቀ» እያለች ስትጽፍ ከርማለች። የጠየቃት ሰው አልነበረም። ለኔ ያ ክዳን ከወሩ ሪፖርት ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ «ያለቀበት ሰዓት» የሚል አምድ ጨምሩ። ኬክ ሳያልቅ በዋለባቸው ቀናት እስከዚያ ሰዓት ስንት በመቶ እንደሚሸጥ እዩ። 70 በመቶ ከሆነ 40ን ለ0.7 አካፍሉት፣ ትክክለኛው ፍላጎት ወደ 57 ነው ማለት ነው።

ችግር፦ ሶልቨር ሴሎቹ በዙ ይላል

ከኤክሴል ጋር የሚመጣው ሶልቨር ራሱ ቁጥሩን የሚወስንለት ሴል ከ200 በላይ አይቀበልም። የሚላከው ብቻ 6 ምርት፣ 4 ሱቅ፣ 7 ቀን 168 ነው። የሚጋገረው 42 ሲደመርበት 210 ገባ። ዋጋቸውም አጋገራቸውም አንድ የሆኑ ሁለት ኬኮችን ብታዋህዱ 175 ይሆናል። ካልሆነ ኦፕንሶልቨር (OpenSolver) የሚባለውን የኤክሴል ተጨማሪ ጫኑ፣ ነፃ ነው፣ ይህ ገደብ የለበትም።

ችግር፦ «መፍትሄ የለም» ይላል

ምድጃው ከሚችለው በላይ ግዴታ አስገብታችኋል። «ያልተሟላ» የሚል ሴል ጨምሩና በአንድ ኬክ ከበድ ያለ ቅጣት ጫኑበት። ያኔ እምቢ ማለቱን ትቶ የት ሱቅ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት እንደሚጎድል ያሳያችኋል።

ችግር፦ እሁድ ማታ ስቶሩ ባዶ ይቀራል

ሞዴሉ ሰኞ የሚባል ቀን እንዳለ አያውቅም፣ ስለዚህ ዱቄቱን ሙልጭ አድርጎ ይጨርሳል። በመጨረሻው ቀን ቢያንስ ሊቀር የሚገባውን ክምችት በግድ አስገቡ፣ እቅዱንም በየሁለትና ሦስት ቀኑ እንደገና አስኪዱት።

ችግር፦ ግምቱ በጾም ይበላሻል

ይህ የኛው አገር ጉዳይ ስለሆነ ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር አያውቀውም። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፣ በ2017 ግን ሚያዝያ 12። የአምናውን ሚያዝያ አይቶ የሚገምት ሞዴል በሁለት ሳምንት ይስታል፣ ፍስክ ሲመጣ የጾም ኬክ ያስጋግራል። ረቡዕና ዓርብ የቅቤ ኬክ እንደሚቀንስ ቢማርም እንኳ፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ካልነገራችሁት ያኔም ይሳሳታል። ሁለት አምድ ይበቃል፦ አንዱ «ከፋሲካ ስንተኛ ቀን»፣ ሌላው «ጾም ወይስ ፍስክ»። ግምቱን ከወሩ ስም ሳይሆን ከነዚህ አስሉ።

ችግር፦ መኪናዋ ስድስት ሰዓት የዘገየች ትመስላለች

ሹፌሩ «11 ሰዓት ጫንኩ» ብሎ ይጽፋል፣ ለሊት 11 ማለቱ ነው። ኤክሴል 11፡00 ብሎ ሲያነበው በኛ ረፋድ 5 ሰዓት ሆነ። ሞዴሉ ታዲያ ለቁርስ የሚደርስ መኪና የለም ብሎ የጠዋቱን ዳቦ ትናንት ማታ ያስጭናል። ሹፌሩን የለመደውን ሰዓት አታስቀይሩት። ከሰዓቱ ጎን ቀን ወይም ለሊት ብሎ ይጻፍ፣ ሌላ አምድ ራሱ ይቀይረው፦ ቀን 2 ሰዓት 8፡00፣ ለሊት 11 ሰዓት 5፡00። 12 ሰዓት ላይ ግን ጠዋት ወይም ማታ ካልተባለ ሴሉ እንዳይቀበል አድርጉት።