ከመኪናው መውረድ ነው ከባዱ፦ የመጠጥ ማቆሚያ ስብሰባ እንዴት ይገኛል?

ወንድሜን መጀመሪያ ቀን ስብሰባ ይዤው የሄድኩት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት። ፓርኪንጉ ላይ 20 ደቂቃ ቁጭ አልን። በሩ ላይ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። ሀበሻ ካየ ሊመለስ ነው። «ሰው ካየኝ አለቀልኝ» አለኝ። ይሄን የምጽፈው እዚያ መኪና ውስጥ እንደሱ ለተቀመጠ ሰው ነው። እህቴ፣ ላንቺም ጭምር ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆነ፣ በተለይ ጠዋት ሳትቀምስ እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብቻህን ቤት ዘግተህ በአንዴ ለማቆም አትሞክር። መጀመሪያ ሐኪም አናግር። ሰውነት መጠጡን ለምዶ ድንገት ሲያጣው ሰው ሊያንዘፈዝፍ፣ የሌለ ነገር ሊያሳይ፣ ሊገድልም ይችላል። አደገኛዎቹ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ናቸው። አሜሪካ ካለህና እንደዚህ ያለ ምልክት ካየህ 911 ደውል፣ አትፈር።

አሁን ወደ ፍለጋው። በጣም የተስፋፋው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፣ ባጭሩ ኤኤ። በ1935 ኦሃዮ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች እርስ በርስ ሲረዳዱ የተጀመረ ነው፤ ዛሬም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። መዋጮ ግዴታ አይደለም። ቅርጫት ይዞራል፣ አዲስ ከሆንክ ዝም ብለህ ወደ ጎን አሳልፈው።

ስልክህ ላይ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚለውን አፕ አውርድ። ነፃ ነው፣ የራሱ የኤኤ ነው። ያለህበትን ቦታ ክፈትለትና ቀንና ሰዓት ምረጥ፣ በአቅራቢያህ ያሉትን ይዘረዝርልሃል። ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዳ ከሆነ ጠዋት በማለዳና ምሳ ሰዓት ላይ የሚደረጉትንም እይ፣ የማታ ብቻ አይምሰልህ። ዝርዝሩ ላይ «ኦፕን» የሚል ካለ ማንም መግባት ይችላል፣ ቤተሰብም ጭምር። «ክሎዝድ» ካለ መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ለአዲስ መጪዎች የተባለ ካገኘህ እሱን ያዝ። የሴቶች ብቻ የሆኑም አሉ፤ ብዙ እህቶች እዚያ ነው አፋቸውን የሚፈቱት። አፑ ካስቸገረህ በየአካባቢው ኢንተርግሩፕ የሚባል ቢሮ አለ፣ ደውለህ «አዲስ ነኝ» በል፣ ይበቃል። 1-800-662-4357 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ነፃ መስመር ነው፤ 24 ሰዓት ይሠራል፣ የሕክምና ቦታም ይጠቁምሃል።

ሰው ያየኛል ለሚለው ጭንቀት፣ እውነት ነው፣ የእኛ ሰው ወሬ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሳይመሽ አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሰፈርህ ራቅ ያለ ምረጥ፣ 30 ደቂቃ ንዳ። እዚያ የአባትህን ስም የሚጠይቅህ የለም። የሰማኸውን እዚያው ትተህ ትወጣለህ፣ እነሱም እንደዚያው። ሀበሻ ብታገኝስ? እሱንም ያመጣው ያንተው ጉዳይ ነው።

እኛ በመጨረሻ ስንገባ የሚታጠፉ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ ቡና ይፈላል። አንድ ሽማግሌ መጡና ለወንድሜ ቡና ቀድተው ሰጡት፣ ግን ግማሽ ኩባያ ብቻ። ቆጥበው መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ እጁን አይተውታል፣ እንዳይደፋበት ነው። ምንም አላሉም። እኔ ለዓመታት ስጮህበት ኖሬ እንደዚያ አላየሁትም ነበር።

ስብሰባው ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰው በተራ ይናገራል፣ ማንም መሃል ገብቶ አይመክርም፣ አይወቅስም። ተራህ ሲደርስ «ዛሬ ላዳምጥ ነው» ብለህ ማለፍ ትችላለህ። እንግሊዝኛህ ባይፈስም ግድ የለም። ስለ አምላክ ይነሳል፣ ግን እያንዳንዱ እንደ እምነቱ ነው፤ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ጴንጤም ሁን፣ ከንስሐ አባትህ ወይም ከጸበል ጋር አይጣላም። ሃይማኖት የሌለበት ከፈለግህ ስማርት ሪከቨሪ የሚባለውን ሞክር። ጠጥተህ ነድተህ ፍርድ ቤት ከላከህ ደግሞ ወረቀትህን መጀመሪያ ላይ ለመሪው አሳየው፣ ብዙ ቦታ ይፈርሙልሃል።

የመጀመሪያው ካልጣመህ «ለእኔ አይሆንም» ብለህ አትደምድም። ክፍሉና ሰዎቹ ይለያያሉ፣ አምስት ስድስት ቦታ እይ። ስትወጣ የሁለት ሰው ስልክ ውሰድ። እኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። አርብ ማታ ጓደኞችህ «አንድ አንድ እንበል» ሲሉ የምትደውለው ለዚያ ስልክ ነው። እያደር ስፖንሰር ትይዛለህ፤ ቀድሞህ ያቆመና መንገዱን የሚያሳይህ ሰው ነው፣ ወንድ ለወንድ ሴት ለሴት ቢሆን ይመረጣል።

አዲስ አበባ ያለህ ከአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጀምር፤ የሱስ ሕክምና አለ። ስብሰባ ደግሞ በዙም ካሜራ አጥፍተህ ትገባለህ። መጠጥ በሕግ በተከለከለባቸው እንደ ሳዑዲና ኩዌት ባሉ አገሮች ያላችሁ፣ ለእናንተም የሚሻለው ይሄው ነው።

ለቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን አለ። ስለሚጠጣው ሰው ሳይሆን አብሮት ስለሚጨነቀው ሰው ነው። እኔ ሐሙስ ማታ እሄዳለሁ። ወንድሜ የማታ ሥራ ስለሆነ የምሳ ሰዓቱን መርጧል፤ አሁን ቡናውን የሚያፈላው እሱ ነው።