ባሕር ዳር ላይ የመመሪያ ጸሐፊዎች ቡድን እንዴት ይቋቋማል? እንዴትስ ይቆያል?

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል «ቴክኒካል ራይተር (የመመሪያ ጸሐፊ) ነኝ» ሲል እምብዛም አትሰሙም። ሥራውን የሚሠራው ግን ብዙ ነው። የላብራቶሪ መመሪያ የሚያዘጋጅ የፖሊ ቴክኒክ መምህር አለ። የመድኃኒት ካርቶን ላይ አወሳሰዱን የምትጽፍ ፋርማሲስት አለች። ለገበሬ በራሪ ወረቀት የሚያዘጋጅ የግብርና ባለሙያ፣ የሞባይል መተግበሪያ የሚተረጉም ወጣት አለ። ሁሉም ለየብቻው ነው የሚታገለው። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማምጣት ሞክረናል። የተሳሳትንበትንም ጨምሬ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሰው

ከ5 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ከመተዳደሪያ ደንብ፣ ከሎጎ፣ ከማኅተም አትጀምሩ። በማኅተም ተጀምሮ ሁለተኛ ስብሰባውን ሳያይ የቀረ ስንት ማኅበር አለ።

ሰው ለማግኘት ከተማው ይመቻል። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የተከፈተው። ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተቀላቅሎ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ደግሞ በ2000 ነው። ስለዚህ ምህንድስናውም ቋንቋውም በአንድ ከተማ አለ። ከሁለቱም ወገን ሰው ጋብዙ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቢያንስ አንድ ሰው ቢሮ የማይቀመጥ ይሁን። የእኛ ቡድን ምርጡ አንባቢ የፓምፕ መካኒክ ነው።

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ

በወር አንዴ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ። ሰው በብርሃን ቤቱ እንዲገባ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይለቅ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ስለማያስወጣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር መድቡ።

የመጀመሪያ ጥሪያችንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «እሁድ 2፡00» ብዬ ላክሁ። ግማሹ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት መጥቶ ጠብቆ ሄደ። ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሚያነበው ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መጣ። ግልጽ ጽሑፍ እንጻፍ ብሎ ሰው የጠራ ሰው! እስካሁን ይስቁብኛል። እናንተ «እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በሐበሻ» ብላችሁ ጻፉ።

ቦታው ጸጥ ያለ፣ ጠረጴዛ ያለው ይሁን። ሐይቁ ዳር ማንጎ ፓርክ ለሻይ ያምራል፤ ለሥራ ግን አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ወረቀታችንን በትኖ ሲያስሮጠን ነው የዋለው። ኔትም መብራትም ላይ አትመኑ፣ ጽሑፉን አትማችሁ ኑ።

እንደ ጽዋ ማኅበር በተራ

ብዙ ቡድን የሚሞተው ሥራው አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ነው። እኛ የወሰድነው የእናቶቻችንን ዘዴ ነው። ጽዋው በተራ ይዞራል፤ ተረኛው ይደግሳል። የእኛ ተረኛ ጠላና ዳቦ ሳይሆን ከሥራው አንድ ገጽ መመሪያ ይዞ ይመጣል። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ሰብሳቢውን «ሙሴ» እንለዋለን፣ በቀልድ የጀመርነው ስም ሆኖ ቀረ።

የመሥሪያ ቤት ምስጢር ያለበት ወረቀት አይመጣም። የመድኃኒት ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ቡድኑ የሚነካው ቋንቋውን ብቻ ነው። መጠኑን የሚያጸድቀው ፋርማሲስቱ ነው።

ስብሰባው ላይ ምን ይሠራል?

ዋናው ይሄ ነው። ንግግር ይቅር፣ ሥልጠናም ለጊዜው ይቅር። ጽሑፉን ለሚጠቀምበት ሰው ስጡና እጁን ተመልከቱ።

አንዴ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ መመሪያ መጣ። በጣና ዙሪያ መስኖ የሚያለማ ገበሬ በየቦታው የሚጠቀምበት ትንሽ ሞተር ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ሞተሩን አስነስተው ውሃ መሳብ ከመጀመርዎ በፊት የሞተር ዘይት መሙላትዎን ያረጋግጡ።» እኛ አንብበን ምንም አልታየንም። መካኒካችን አንድ በዕድሜ የገፉ አትክልት አልሚ ይዞ መጣ። ነዳጅ የሌለው ፓምፕ ፊታቸው አቀረብን። አነበቡ። ወዲያው እጃቸው የሞተሩን ገመድ ያዘ።

«ጋሼ፣ ዘይቱስ?» አልናቸው።

«አስነሱ ይላል እኮ ልጄ፤ አስነሳሁ።»

ልክ ናቸው። ግሥ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ ዋናው ማስጠንቀቂያ መጨረሻ ላይ ተደበቀ። አዲስ ትንሽ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ዘይት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ሳይሞላ ከተነሣ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)፣ ብሩም አብሮ ይሄዳል። እኛ እንዲህ ለወጥነው፦

1. ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ያስቀምጡ።
2. የሞተር ዘይት ይሙሉ። ያለ ዘይት ከተነሣ ሞተሩ ይቃጠላል።
3. ፓምፑን ውሃ ይሙሉት። ባዶውን ከዞረ ውሃ አይስብም።
4. አሁን ሞተሩን ያስነሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «አድርገው»፣ «ከፍተው»፣ «ነቅለው» የሚሉትን በቀይ እናሰምራለን። እያንዳንዱ «ው» ውስጥ አንድ ደረጃ ተደብቋል። ያንን አውጥቶ ለብቻው መጻፍ ነው።

ሌላ ጥንቃቄ፦ አንባቢውን «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፤ «ገብቶኛል» ነው የሚባለው። ዝም ብሎ ማየት ነው፣ እጅ አይዋሽም። ጊዜያቸውን ለሰጡ ሰው ቢያንስ ትራንስፖርትና ምሳ ይቻል።

ፋርማሲስቷ ያመጣችው ገጽ ደግሞ «በየ8 ሰዓቱ» ይል ነበር። አንዱ አባል «ሁልጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው» ብሎ ተረዳው። ተማሪ ነው፣ መሃይም አይደለም። እሷም «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ብላ ጻፈችው። አለቀ።

የቃላት ደብተር

በየስብሰባው 5 ቃል ብቻ ተስማሙ። ማኑዋሉ «ስፓርክ ፕላግ» ይላል፣ ጋራዡ ግን «ካንዴላ» ነው የሚለው። ቤልቱ «ቺንጊያ» ነው። እኔ በበኩሌ ጋራዥ የሚያውቀውን ቃል እመርጣለሁ። መዝገበ ቃላት ያመጣውን አዲስ ቃል ማንም ሱቅ ገብቶ አይጠይቅበትም። እዚህ ላይ ግን ከቋንቋ መምህሩ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

ሙያ ማሳደግ

ሐምሌና ነሐሴን ለዚህ አድርጉት። የጉግል የቴክኒክ ጽሑፍ ኮርሶች በነፃ ናቸው፣ መልመጃም አላቸው። በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እያንዳንዱን ምዕራፍ «ይሄ ለአማርኛ ይሠራል ወይ?» እያላችሁ አንብቡ። ዐረፍተ ነገር አሳጥሩ የሚለው ይሠራል። ለአውሮፕላን ጥገና የተዘጋጀው የቀላል እንግሊዝኛ ደንብ የሥራ ትእዛዝ የሚሰጥን ዐረፍተ ነገር ከ20 ቃል አያሳልፍም። የአማርኛ ቃል ብዙ ስለሚሸከም እኛ 12 ላይ ቆረጥነው።

ራይት ዘ ዶክስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ዓለም አቀፍ የጸሐፊዎች ስብስብ አለ። የጉባኤዎቹን ቪዲዮ በነፃ ማየት ይቻላል። ኔት ጥሩ ሲሆን አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ያዙረው።

የውጭ ማኅበር አባል ለመሆን ግን አትቸኩሉ። መነሻው እ.ኤ.አ. 1953 የሆነው ትልቁ የአሜሪካ የቴክኒክ ኮሙኒኬሽን ማኅበር በጃንዋሪ 2025 በኪሳራ ተዘግቷል። የዕቁብ ያህል እንኳ ገንዘብ የማይሰበስብ ቡድን ግን በኪሳራ አይዘጋም። እኛ የምናዋጣው ለወረቀት ኅትመትና ለሻይ ብቻ ነው።

«ሰርተፊኬት አለው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የለውም። በምትኩ እያንዳንዱ አባል ክላሰር ይያዝ። በግራ የድሮውን ገጽ፣ በቀኝ የተሻሻለውን፣ ከሥር ደግሞ አንባቢው የት እንደተደናቀፈ በሁለት መስመር። ገጹ የመሥሪያ ቤት ከሆነ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቅ። ከእኛ አንዱ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሄድ ያንን የፓምፕ ገጽ ይዞ ነበር የሄደው። ጠያቂዎቹ ሲቪውን አስቀምጠው ስለ ዘይቱ ሲጠይቁት ቆዩ።